የመጀመሪያው ማክሮ ኢኮኖሚክስ ኮርስ በጅቡቲ ከተማ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የጥናት መመሪያ

ይህ መመሪያ ጅቡቲ ከተማ ሆናችሁ የመጀመሪያውን የማክሮ ኢኮኖሚክስ ኮርስ ለምትወስዱ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። አንዳንዶቻችሁ ባልባላ በሚገኘው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ትማራላችሁ። ሌሎቻችሁ ቀን ትራንዚት ቢሮ እየሠራችሁ ማታ በርቀት ትከታተላላችሁ። የሚገጥማችሁ ችግር ግን ተመሳሳይ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አሜሪካ ወይም ስለ ፈረንሳይ ነው፤ መምህሩ የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነው፤ እናንተ ስለ ገንዘብና ስለ ኑሮ የምታስቡት ግን በአማርኛ ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ተማሪ ሽምደዳ ውስጥ ይገባል። ቀመሩን ይይዛል፣ ሥዕሉን ይገለብጣል፣ ፈተናው ጥያቄውን ትንሽ ሲያጣምምበት ግን መውጫ ያጣል። ከሽምደዳ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ እያንዳንዱን ሞዴል ከነቅድመ ሁኔታው ማጥናት። መጽሐፉ “ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ሲቀንስ ኢንቨስትመንት ያድጋል” ሲል፣ ይህ እንዲሆን አስቀድሞ ምን መሟላት እንዳለበት ጠይቁ። ጅቡቲ ይህን ጥያቄ በየምዕራፉ የምታስገድድ አገር ናት። ገንዘቧ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፤ የምትበላው አብዛኛው ከውጭ ይገባል፤ ገቢዋ በጎረቤቷ በኢትዮጵያ ጭነት ላይ ተመሥርቷል። እዚህ ሆኖ ጠይቆ የሚያጠና ተማሪ ትምህርቱን እስከ ሥሩ ያገኘዋል።

ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሴሚስተሩ ቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርምጃ 1፦ በመጀመሪያው ሳምንት የኮርሱን ካርታ ያዙ

ክፍል በተጀመረ ሳምንት ሦስት ነገሮችን ሰብስቡ፦ የኮርሱን ዝርዝር፣ የመልመጃ ወረቀቶችንና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን። የፈረንሳይኛው ሥርዓት ትምህርቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በአዳራሽ የሚሰጠው ገለጻ ኩር ማዢስትራል ይባላል፤ በትንሽ ቡድን የሚሠራው መልመጃ ደግሞ ትራቮ ዲሪዤ፣ ተማሪው በአጭሩ “ቴዴ” የሚለው ነው። ፈተናው ብዙውን ጊዜ ወደ ቴዴው ስለሚቀርብ የመልመጃ ወረቀቱን ከገለጻው በፊት ማየት ልመዱ። መምህሩ የት ሊያደርሳችሁ እንደሚፈልግ የምታውቁት ከዚያ ነው።

ቀጥላችሁ አንድ ወረቀት ላይ አምስት ጥያቄዎችን ጻፉ። አገሪቱ ምን ያህል ታመርታለች? ዋጋ ለምን ይንራል? ሰው ለምን ሥራ ያጣል? ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ ማንስ ይቆጣጠረዋል? አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር በምን ትገናኛለች? የመጀመሪያው ኮርስ ከእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ብዙም አይወጣም። እያንዳንዱን ገለጻ ስትጨርሱ የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ ከሥሩ መዝግቡ።

መጽሐፍን በተመለከተ አንድ መርጣችሁ በእሱ ጽኑ። የግሬጎሪ ማንኪውና የኦሊቪዬ ብላንሻር መጻሕፍት በፈረንሳይኛም ይገኛሉ። የማንኪው ለጀማሪ ይቀላል፤ የብላንሻር ሒሳቡ ጠንከር ያለ ነው። መግዛት ለማይችል ኦፕንስታክስ የተባለው ድርጅት የማክሮ ኢኮኖሚክስ መግቢያ መጽሐፉን በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል። ኮር የተባለው የኢኮኖሚስቶች ማኅበርም መጽሐፉን በነጻ ለቋል። ሁለተኛ መጽሐፍ የምትከፍቱት የመጀመሪያው አልገባ ሲላችሁ ብቻ ይሁን። ሦስት መጽሐፍ እኩል የሚያነብ ተማሪ በሦስት ዓይነት አገላለጽ መካከል ይዋልላል።

እርምጃ 2፦ የቃልና የቁጥር ደብተር ክፈቱ

አንድ ትንሽ ደብተር ለብቻው መድቡ። ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ አራት ነገር ጻፉ፦ የፈረንሳይኛውን ስያሜ፣ በቀመር ውስጥ የሚወክለውን ምልክት፣ በራሳችሁ አማርኛ የተሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከጅቡቲ የተወሰደ አንድ ምሳሌ። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ከየትም አትገልብጡ። በራሳችሁ ቋንቋ መግለጽ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።

በቁጥር አጻጻፍ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ በፈተና ነጥብ ስለሚያስጥሉ ከወዲሁ ተጠንቀቁ። አንደኛው የነጠላ ሰረዝ ጉዳይ ነው። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነጠላ ሰረዝ የአሥርዮሽ ነጥብን ቦታ ይይዛል። አንድ ዶላር “177,721 ፍራንክ” ነው ተብሎ ብታነቡ መቶ ሰባ ሰባት ፍራንክ ከትንሽ ሽርፍራፊ ማለት ነው፤ መቶ ሰባ ሰባት ሺህ አይደለም። ሁለተኛው የትልልቅ ቁጥሮች ስም ነው። እኛ ቢሊዮን የምንለውን ፈረንሳይኛ ሚሊያር ይለዋል። ፈረንሳይኛው ቢሊዮን ሲል ደግሞ እኛ ትሪሊዮን የምንለውን ማለቱ ነው። የበጀት ሰንጠረዥ ስታነቡ ይህን ካልለያችሁ መልሳችሁ በሺህ እጥፍ ይሳሳታል።

እርምጃ 3፦ ጠቅላላ ምርትን አንድ ተሳቢ ተከትላችሁ አስሉ

የመጀመሪያው ከባድ ምዕራፍ አጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ምርት = ፍጆታ + ኢንቨስትመንት + የመንግሥት ወጪ + ወጪ ንግድ − ገቢ ንግድ። የሚያስቸግረው ምን ምን የት እንደሚገባ መለየት ነው። ይህን ለመለማመድ ከዶራሌ ወደብ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከመርከብ የወረደ የአፈር ማዳበሪያ ተሳቢ ላይ ተጭኖ፣ በፒኬ 12 ወጥቶ፣ በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይሄዳል እንበል። የማዳበሪያው ዋጋ በጅቡቲ ምርት ውስጥ አይቆጠርም፤ ጅቡቲ አላመረተችውምና። የሚቆጠረው ማውረጃው፣ መጋዘኑና የትራንዚተሩ ሥራ ነው። እነዚህ ለኢትዮጵያ የተሸጡ አገልግሎቶች ስለሆኑ በወጪ ንግድ ሥር ይገባሉ። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደቦች ነው፤ የጅቡቲ ምርት ከሦስት አራተኛ በላዩ አገልግሎት የሆነውም በዋነኛነት ከዚህ ሥራ የተነሳ ነው።

አሁን ሹፌሩን ተመልከቱ። ፒኬ 12 ላይ ቆሞ ምሳ በልቶ ከፈለ። የኑሮው ማዕከል ኢትዮጵያ ስለሆነ በስሌቱ የጅቡቲ ነዋሪ አይደለም። ምሳው ጅቡቲ ለውጭ ሰው የሸጠችው አገልግሎት ነው፤ እሱም ወጪ ንግድ ነው። በሌላ በኩል ከአንድ ዓመት በላይ ጅቡቲ ኖራ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ፓስፖርቷ የትም ይሁን በስሌቱ የጅቡቲ ነዋሪ ናት። ደመወዟ በጅቡቲ ምርት ውስጥ ይቆጠራል። ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ ደግሞ በክፍያ ሚዛን ውስጥ ከጅቡቲ የወጣ የገቢ ዝውውር ሆኖ ይመዘገባል።

ገቢ ንግድ ለምን እንደሚቀነስ ያልገባው ተማሪ ጫትን ይውሰድ። ጫት በየቀኑ ከኢትዮጵያ ይገባል። ለልምምድ አንድ ቤተሰብ በ1000 ፍራንክ ጫት ገዛ፣ አስመጪው የገዛበት ዋጋ 400 ፍራንክ ነበር እንበል። በፍጆታ ላይ 1000 ይጨመራል፤ በገቢ ንግድ 400 ይቀነሳል፤ የሚቀረው 600 ነው። ይህ 600 ጅቡቲ ውስጥ የተፈጠረ እሴት ሲሆን አጓጓዡ፣ ቸርቻሪዋና ግብር ሰብሳቢው መንግሥት ተካፍለውታል። ገቢ ንግድ የሚቀነሰው ኢኮኖሚውን ስለሚጎዳ እንዳልሆነ ከዚህ ታያላችሁ። በፍጆታ ውስጥ አብሮ የተቆጠረ የሌላ አገር ምርት ስለሆነ ነው የሚወጣው።

የመጨረሻው መልመጃ የጦር ሰፈሮቹ ናቸው። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና ጅቡቲ ውስጥ ሰፈር አላቸው። በብሔራዊ ሒሳብ አያያዝ ደንብ የውጭ ጦር ሰፈር እንደ ኤምባሲ ሁሉ የባለቤቱ አገር ኢኮኖሚ አካል ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ባሉበት ካምፕ ሌሞኒዬ ተቀጥሮ የሚሠራ የጅቡቲ ነዋሪ ደመወዝ በጅቡቲ የሀገር ውስጥ ምርት ውስጥ አይገባም። ከውጭ የተገኘ የሥራ ገቢ ስለሆነ በአጠቃላይ ብሔራዊ ገቢ ውስጥ ነው የሚገባው። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለው ልዩነት በሌሎች አገሮች ለተማሪ ሩቅ ነው፤ እዚህ ግን የጎረቤታችሁ ደመወዝ ነው።

እርምጃ 4፦ የራሳችሁን የዋጋ መለኪያ ሥሩ

የጅቡቲ የስታቲስቲክስ ተቋም የሸማቾችን የዋጋ መለኪያ በየጊዜው ያወጣል። እሱን ከማንበባችሁ በፊት የራሳችሁን ሥሩ። ቤታችሁ በየሳምንቱ የሚገዛቸውን አሥር ነገሮች ምረጡ፦ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የታሸገ ውሃ፣ የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የስልክ ካርድና የመሳሰሉትን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅና ከአንድ ገበያ፣ ሳታቋርጡ ዋጋቸውን መዝግቡ።

የስሌቱ ቁልፍ ክብደት ነው። ከቤቱ ወጪ 40 በመቶው እህል፣ 35 በመቶው አትክልት፣ 25 በመቶው ትራንስፖርት ነው እንበል። እህል በ10 በመቶ፣ አትክልት በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ትራንስፖርት ባለበት ቢቆይ የቤቱ የዋጋ ንረት 4 + 7 + 0 = 11 በመቶ ይሆናል። ሦስቱን ለውጦች ደምሮ ለሦስት የሚያካፍል ተማሪ ግን 10 በመቶ ያገኛል፤ ይህ በፈተና በብዛት የሚታይ ስህተት ነው። ከዚያ ስሌቱን አብዛኛውን ገንዘቡን ለምግብ ለሚያወጣ ቤትና መኪና ላለው ቤት ለየብቻ ሥሩት። አንድ አገራዊ የንረት ቁጥር ለሁሉም ቤት እኩል እንደማይናገር በእጃችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ስመ ምርትና እውነተኛ ምርት የሚለያዩትም እዚሁ ላይ ነው። የአንድ አገር ምርት በገንዘብ ሲለካ ከ100 ወደ 115 ቢያድግና ዋጋ በ11 በመቶ ቢንር፣ እውነተኛው ዕድገት 115 ÷ 1.11 = 103.6፣ ማለትም 3.6 በመቶ ገደማ ነው። ከ15 ላይ 11 ቀንሶ 4 ማለት ለፈጣን ግምት ይጠቅማል። ንረቱ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ስህተቱ ይሰፋል፤ በፈተና ማካፈሉን ተጠቀሙ።

ሥራ አጥነትን ስታጠኑ ደግሞ ትርጉሙን አጥብቃችሁ ያዙ። ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ሥራ በመፈለግ ላይ ያለ ሰው ነው። ወደብ በር ላይ የቀን ሥራ ሲጠብቅ ውሎ ያላገኘ ሰው ሥራ አጥ ነው። ተስፋ ቆርጦ መፈለጉን ያቆመ ሰው ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ይሆናል። መንገድ ዳር ተቀምጣ ገንዘብ የምትመነዝር ሴት ደግሞ ደመወዝ ከፋይ ባይኖራትም ሥራ አላት። ሦስቱን ሰዎች በሦስት ዓምድ መድቡና የሥራ አጥነት መጠኑ ለምን ከእውነተኛው ችግር ሊያንስ እንደሚችል በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

እርምጃ 5፦ ፍራንክንና ብርን ጎን ለጎን አጥኑ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው፤ ጊዜ ስጡት። የገንዘብና የምንዛሪ ምዕራፎች ለብዙ ተማሪ ረቂቅ ናቸው፤ እናንተ ግን ሁለት ተቃራኒ መንገድ የተከተሉ ገንዘቦችን በአንድ ኪስ ትይዛላችሁ።

የጅቡቲ ፍራንክ በ1949 ከዶላር ጋር ሲታሰር አንድ ዶላር 214.392 ፍራንክ ነበር። ዶላር በ1971 እና በ1973 ከወርቅ አንጻር ዋጋው ሲቀነስ ፍራንኩ አብሮ አልወረደም፤ በመጀመሪያ 197.466፣ ቀጥሎ 177.721 ሆነ። ከ1973 ጀምሮ ይህ ቁጥር አልተነቃነቀም። በዚያው በ1973 ብርም እንዲሁ በዶላር ላይ ጠነከረ፤ 2.30 የነበረው 2.07 ሆነ። ካልኩሌተር ያዙና 197.466 ን በ0.9፣ 2.30 ንም በ0.9 አባዙ። የአሜሪካው የ10 በመቶ ቅነሳ ሁለቱንም ጎረቤታሞች እኩል እንደነካ ታያላችሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ብር እስከ 1992 ድረስ በ2.07 ቆይቶ በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር አንድ ዶላር 5 ብር ሆነ። ብር በየጊዜው እየወረደ ሄዶ በሐምሌ 2024 ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ተለማመዱ። ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲወጣ የዶላር ዋጋ በብር በ141.5 በመቶ ጨመረ፤ የብር ዋጋ በዶላር ግን የቀነሰው በ58.6 በመቶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት መነሻቸው ስለሚለያይ ነው። የትኛው እንደተጠየቃችሁ ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ ምክንያቱ ግቡ። ፍራንክ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይነቃነቅ የቆየው ጅቡቲ ሀብታም ስለሆነች አይደለም። ሥርዓቱ ካረንሲ ቦርድ የሚባለው ነው፤ በእንቅስቃሴ ላይ ላለው ፍራንክ በውጭ ምንዛሪ የተያዘ መጠባበቂያ መኖር አለበት። ስለዚህ የበጀት ጉድለትን ፍራንክ አትሞ መሸፈን አይቻልም። በኢትዮጵያ ግን መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ስለነበር፣ ይህ ብድር ለዋጋ ንረት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በ2022 የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

ለዚህ መረጋጋት የተከፈለው ዋጋ ምንድን ነው? ይህን የሚመልሰው ከሮበርት ማንደልና ከማርከስ ፍሌሚንግ ሥራ የተገኘው የ“ሦስቱ አይገናኙም” ሕግ ነው፤ ማንደል በ1999 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። አንድ አገር የተቆረጠ የምንዛሪ ተመን፣ ነጻ የካፒታል እንቅስቃሴና የራሷ የወለድ ፖሊሲ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ልትይዝ አትችልም፤ አንዱን መልቀቅ አለባት። ጅቡቲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይዛ ሦስተኛውን ለቃለች። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የካፒታል እንቅስቃሴን ዘግታ ቆየች፤ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ ተመኑን ለገበያ ለቃ ብሔራዊ ባንኩ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ በማወጅ ጀመረ። መጽሐፋችሁ ላይ “ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ቀነሰ” የሚል ዓረፍተ ነገር በመጣ ቁጥር ከጎኑ የትኛው አገር ይህን ማድረግ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ጻፉ።

ለመልመጃ አንድ ኬሻ ቲማቲም ድሬዳዋ ላይ 2000 ብር ነው እንበል። ዶላር 57 ብር ሲሆን ይህ በፍራንክ 6236 ገደማ ነው። ዶላር 110 ብር ሲሆን 3231 ገደማ ይሆናል። የኬሻው ዋጋ ወደ 3000 ብር ቢንር ግን 4847 ፍራንክ ይደርሳል። የብር መውረድ የሰጠውን ርካሽነት የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት መልሶ ሲበላው ታያላችሁ። እውነተኛ የምንዛሪ ተመን ማለት ይኸው ነው።

እርምጃ 6፦ ማባዣውን ለጅቡቲ አስተካክሉ

የኬንዝ ማባዣ የሁሉም መግቢያ ኮርስ ተወዳጅ ጥያቄ ነው። ኬንዝ ዋና መጽሐፉን ያሳተመው በ1936 ነው፤ ሐሳቡም መንግሥት የሚያወጣው አንድ ፍራንክ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ከአንድ ፍራንክ በላይ ገቢ ይፈጥራል የሚል ነው። ሰዎች ከተጨማሪ ገቢያቸው 80 በመቶውን የሚያውሉት ለፍጆታ ከሆነና ከውጭ ምንም ካልተገዛ ማባዣው 1 ÷ 0.2 = 5 ነው። ከተጨማሪው ገቢ 60 በመቶው ለገቢ ዕቃ የሚሄድ ከሆነ ግን 1 ÷ (0.2 + 0.6) = 1.25 ብቻ ይሆናል። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ ናቸው፤ ትምህርቱ ግን እውነት ነው። ሩዙ፣ ዘይቱና ልብሱ ከውጭ በሚመጣበት ከተማ የመንግሥት ወጪ በፍጥነት ወደ ውጭ ይፈሳል።

በተቃራኒው ከውጭ የሚመጣ ፍላጎት ኢኮኖሚውን ሊያነሳው ይችላል። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ኢትዮጵያ አሰብን መጠቀም አቆመችና ጭነቷ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህን በጠቅላላ ፍላጎት ሥዕል ላይ አሳዩ፦ የትኛው መስመር ተንቀሳቀሰ? ወደ የት? ወደቡ ከአቅሙ በላይ ሲጨናነቅስ ዋጋ ምን ይሆናል? ዶራሌ ላይ የተገነቡት አዳዲስ ወደቦችና በ2018 የንግድ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የአቅርቦቱን መስመር የሚያንቀሳቅሱ ናቸው።

ሥዕል ስትሠሩ በባዶ ወረቀት ጀምሩ፤ ከመጽሐፍ አትገልብጡ። ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን፦ ሁለቱን ዘንጎች ሰይሙ፤ መነሻውን ሚዛን ምልክት አድርጉ፤ የተለወጠው ነገር ከዘንጎቹ አንዱ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ዘንግ ላይ ካለ በመስመሩ ላይ ትሄዳላችሁ፤ ዘንግ ላይ ከሌለ መስመሩን ራሱን ታንቀሳቅሳላችሁ። በመጨረሻ አዲሱን ሚዛን ምልክት አድርጉና ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ያለዚህ ዓረፍተ ነገር ሥዕሉ ግማሽ መልስ ነው።

እርምጃ 7፦ ሳምንታችሁን አደራጁ

የጅቡቲ የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ገለጻውን በዚያው ቀን ማታ ለግማሽ ሰዓት ከልሱ፤ ደብተሩን ዘግታችሁ ያስታወሳችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን ሙሉ። የቴዴውን መልመጃ ከክፍሉ በፊት ብቻችሁን ሞክሩ። ያቃታችሁን ጥያቄ ይዞ መግባት የሌላውን መልስ ከመቅዳት በብዙ ይበልጣል። ሙቀቱ ሲበረታ የከሰዓት በኋላ ጥናት አይያዝም፤ ስሌት ለማለዳ፣ ንባብ ለማታ መድቡ።

አርብን ለቡድን ጥናት አውሉት። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። እያንዳንዱ አንድ ርዕስ ያለ ደብተር በአማርኛ ያስረዳ፤ ሌሎቹ “ለምን?” እያሉ ይጠይቁ። ከዚያ ያንኑ ማብራሪያ ሁሉም በፈረንሳይኛ በአሥር መስመር ይጻፍ። ሐሳቡ በአማርኛ ይጠራል፣ ፈተናው በፈረንሳይኛ ይጻፋል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ለመሥራት መሞከር ነው ተማሪን የሚያደክመው። ፈረንሳይኛው የበረታ ጓደኛ ካላችሁ ጽሑፋችሁን ያርምላችሁ፤ እናንተ ስለ ብርና ስለ ኢትዮጵያ ገበያ የምታውቁትን አካፍሉት።

እርምጃ 8፦ ለፈተና ሰንሰለት መሥራት ልመዱ

ውጤት የሚሰጠው ከ20 ሲሆን ማለፊያው 10 ነው። ጥሩ መልስ አምስት ክፍል አለው፦ ትርጉም፣ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት፣ ሥዕል ወይም ስሌት፣ ቅድመ ሁኔታ፣ የአገር ምሳሌ። አብዛኛው ተማሪ ሦስቱን ጽፎ ያቆማል። መልሳችሁን የሚለየው አራተኛውና አምስተኛው ነው።

ናሙና ጥያቄ እንውሰድ። “የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ መጨመሩ ጅቡቲን እንዴት ይነካል?” ባንኩ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ዜሮ ገደማ የነበረውን ወለድ እስከ ሐምሌ 2023 ወደ 5.25–5.50 በመቶ አሳድጓል። ሰንሰለቱ እንዲህ ይሠራል። የአሜሪካ ወለድ ሲጨምር ዶላር ይፈለጋል፤ ዶላር ይጠነክራል። ፍራንክ ከዶላር ጋር ስለታሰረ አብሮ ይጠነክራል። በዩሮ የሚገዛ ዕቃ ይረክሳል፤ በፍራንክ የሚከፈል የወደብ አገልግሎት ግን ገንዘባቸው ለወረደ ደንበኞች ይወደዳል። ካፒታል ወደ ውጭ እንዳይሸሽ የአገር ውስጥ ወለድም ወደ ላይ ይገፋል፤ ተለዋዋጭ ወለድ ያለው የዶላር ዕዳም ይከብዳል። ቅድመ ሁኔታው፦ ይህ ሁሉ የሚሆነው ተመኑ የታሰረና ካፒታል የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነው። ንጽጽሩ፦ ተመኑን በለቀቀች አገር ከጫናው የተወሰነው በገንዘቡ መውረድ ይወሰዳል። ይህን ሰንሰለት ከነምክንያቱ የጻፈ ተማሪ ኮርሱን ተረድቶታል።

ከፈተናው በፊት ራሳችሁን መርምሩ

ሴሚስተሩ ሲያልቅ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ያለ ደብተር፣ በመጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይኛ መልሱ።

1. ወደ ኢትዮጵያ የሚያልፍ ዕቃ ዋጋው በጅቡቲ ምርት ውስጥ ሳይቆጠር የወደቡ አገልግሎት የሚቆጠረው ለምንድን ነው?
2. ካምፕ ሌሞኒዬ የሚሠራ የጅቡቲ ነዋሪ ደመወዝ በየትኛው መለኪያ ውስጥ ይገባል?
3. ብር በ2024 ሲወርድ የኢትዮጵያ አትክልት ጅቡቲ ላይ የግድ ይረክሳል? በምን ሁኔታ አይረክስም?
4. የጅቡቲ ማዕከላዊ ባንክ ሥራ አጥነትን ለመቀነስ ወለድ ዝቅ ማድረግ ለምን ይከብደዋል?
5. ጅቡቲ ነገ ፍራንኩን ከዶላር ብትፈታ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል?

የመጀመሪያዎቹ አራቱ መልስ አላቸው፤ ከላይ ባለፋችሁበት መንገድ ታገኙታላችሁ። አምስተኛው ላይ ባለሙያዎችም ሊከራከሩ ይችላሉ። አስመጪውን፣ ደመወዝተኛውን፣ ወደቡን፣ ዕዳ ያለበትን መንግሥትና ገንዘብ ለቤተሰቧ የምትልከውን ሠራተኛ አንድ በአንድ አንስታችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰንሰለቱን ሠርታችሁ ከተከራከራችሁ ለሁለተኛው ዓመት ዝግጁ ናችሁ። አንደኛው አገር በሌላኛው ወደብ በሚተነፍስበት አካባቢ የሁለቱንም ገንዘብና የሁለቱንም ገበያ አጥርቶ የሚያስብ ኢኮኖሚስት በጣም ያስፈልጋል፤ ያንን ሰው ለመሆን ከእናንተ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ተማሪ የለም።